ወደ ግራ የሚስበው ክላሽ

ምትኩ ማዕረግ ወፍጮ ሲገዛም እንዲሁ ነበር። የሞተሩን አገር፣ የድንጋዩን ጥንካሬ፣ ከእሱ በፊት ማን ገዝቶ ማን እንደተጸጸተ ሳያጣራ እጁን ወደ ኪሱ የማይሰድ ሰው ነው። በአምቦ አቅራቢያ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ ሸነን ውስጥ፣ እህል የምታስፈጭ ሴት ሁሉ ጠባዩን ታውቃለች። ዱቄቱ ሻክሮ ከወጣ ደንበኛዋ ሳታማርር በፊት እሱ ራሱ «ዛሬ ድንጋዩ ደንዝዟል፤ ነገ ተመለሺ» ይላታል። የዕቃን ጉድለት መደበቅ አያውቅበትም፤ ቢሞክርም ጆሮው ይቀላል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ለቤቴ ጠመንጃ ላማርጥ ብሎ የተነሳው።

ያነሳሳው የሌንጂሳ ሞት ነው። ሌንጂሳ እህል ነጋዴ ነበር፤ ቤቱ ከምትኩ ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥምቀት አልፎ ብዙም ሳይቆይ፣ ገና ዓይን ለዓይን በሚያስተያይ ምሽት፣ ከራት ላይ አንስተው ወሰዱት። ቤተሰቡ ለማስለቀቂያ የተባለውን ገንዘብ ሁሉ አሟልቶ ልኮ የተቀበለው ሬሳ ነው። ማን ወሰደው? አንዱ የጫካ ልጆች ናቸው ይላል፤ ሌላው በስማቸው የሚነግድ ወሮበላ ነው ይላል፤ ብልጡ ደግሞ ምንም አይልም። በዚያ ሰሞን ሸነን ውስጥ ብልጥ በዝቶ ነበር።

ምትኩ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። ባለቤቱ ዲቦራ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ተረኛ ስትሆን ታመሻለች። ልጁ ምኞት ስምንተኛ ክፍል ናት። አባቱ አቶ ማዕረግ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፤ ከመደብ ተነስተው በር ድረስ ለመሄድ ምርኩዝም ሰውም ይፈልጋሉ። እነዚህን ሦስት ሰዎች በምን እጠብቃለሁ? ሐሳቡ ሁሉ ይሄ ብቻ ሆነ።

መጀመሪያ የጠየቀው ሂርጳን ነው። ሂርጳ አብሮ አደጉ ነው፤ የቀድሞ ወታደር፣ አሁን የከተማዋ ሚሊሻ። ልጅ ሆነው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱ በአማርኛ ሌላው በኦሮምኛ እየተሰዳደቡ ቋንቋ የተማማሩ ናቸው።

«ሜ፣ እስቲ እውነቱን ልንገርህ ኦቦ ምትኩ» አለ ሂርጳ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የጤፍ ከረጢት ላይ ተቀምጦ። ኦቦ፣ አቶ ማለቱ፣ የሚለው ሊያሾፍበት ሲፈልግ ነው። «ለቤት ክላሽ ነው፤ አለቀ። ጭቃ ይግባበት፣ ዝናብ ይምታው፣ ይተኩሳል። ጥይቱ አይጠፋም፤ ቢበላሽም የሚያበጀው አይጠፋም። በድሮው ጠመንጃ አንዷን ተኩሰህ ሌላዋን እስክታጎርስ ሰዎቹ አልጋህ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁሃል።»

«ግድግዳውስ? ቤቴ ጭቃ ነው እኮ።»

ሂርጳ ሳቁን ተወ። «ኤዬ፣ እሱ እውነት ነው። ክላሽን የጭቃ ግድግዳ አያቆመውም። አንተ ሳሎን ሆነህ ስትተኩስ የሌንጂሳን ሚስት ማጀቷ ውስጥ ልታገኛት ትችላለህ። ሌላም አለ። ክላሽ ሁሉም ሰው የሚመኘው ዕቃ ነው። እኛም እንፈልገዋለን፤ እነሱም ይፈልጉታል። አለው ከተባለ ይመጡልሃል።»

ምትኩ ይህን ከሰማ በኋላ ሽጉጥ ሳይሻል አይቀርም ብሎ አምቦ ሄደ። አምቦ አዱኛ የሚባል ደላላ አለ፤ ከፊት ለፊት የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ይሸጣል፤ የጓሮው ክፍል ሥራው ሌላ ነው። አዱኛ በሩን ዘግቶ ብርድ ልብስ ላይ አንድ የቱርክ ሽጉጥ አስቀመጠለት።

«ወገብህ ላይ ሆኖ እናትህ አታውቅብህም። ትራስ ሥር ይገባል። ግድግዳ አልፎ ጎረቤት አይገድልም። ሚስትህም ብትሆን ትይዘዋለች» አለ።

«ሌንጂሳም እንዲህ ያለ ነበረው» አለ ምትኩ።

«እና?»

«ትራሱ ሥር ነበር። እሱ ደግሞ ራት ላይ።»

አዱኛ ትከሻውን ነቀነቀና ሽጉጡን ሊያሳየው ባዶውን ሳበው፤ መሃል ላይ ነክሶ ያዘ። እንደገና ሳበው፤ እንደገና ነከሰ። «አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይላላል» አለ። ምትኩ ግን ወፍጮ ሻጮችም እንዲሁ ሲሉ ሰምቷል። አዱኛ የደንበኛው ፊት መክፋቱን ሲያይ ብርድ ልብሱን ገለጠና ከሥሩ አንድ ታጣፊ ክላሽ አወጣ። ሰደፉ ብረት ነው፤ ሲታጠፍ ከክንድ ብዙም አይረዝምም። ምትኩ አልገዛም፣ ላስብበት ብሎ ወጣ። ዓይኑ ግን እዚያው ቀረ።

ቤት ሲመለስ አባቱ ነገሩን ሰምተው ቆዩት። አቶ ማዕረግ በወጣትነታቸው ነጭ ለባሽ ሆነው ሽፍታ ያሳደዱ ሰው ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት ምንሽር ነበራቸው፤ ከዓመታት በፊት ይመዘገባል ተብሎ ተወስዶ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ላይ የተሰቀለበትን ሚስማር ማንም እንዲነቅለው አልፈቀዱም።

«ስለ ጠመንጃ ስትዞር እኔን ሳትጠይቅ?» አሉት።

«እርስዎማ ምንሽር ነው የሚሉኝ፣ አባባ።»

«አልልህም። ምንሽር የዱር ነው። ማዶ ያለ ሰው ይጥላል፤ ቤት ውስጥ ግን ልታዞረው ስትል ምሰሶ ይመታል። ጥይቱም ዛሬ አይገኝ።» ትንሽ አረፉና ቀጠሉ። «ለቤት የሚሆን ጠመንጃ የለም፣ ልጄ። ሰው ቤቴን ይጠብቅልኛል ብሎ ይገዛዋል፤ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ቤቱ ጠመንጃውን ሲጠብቅ ይኖራል። ጠመንጃ የሚጠቅመው ለቀብር ነው። እኔ አባቴን አስተኩሼ ነው የሸኘሁት። እኔንስ ማን ይሸኘኛል?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ሚስማሩ ላይ ተከሉ።

ዲቦራ ደግሞ ሌላ ሚዛን ነበራት። ጤና ጣቢያው በዚያ ዓመት ወባና ወሊድ ብቻ አልነበረም የሚያየው። «እኔ የማውቀው ከሌላው ጫፍ ነው» አለችው። «ሽጉጥ የመታውን ሰው ቁስሉን አስሬ ወደ አምቦ እልከዋለሁ። ክላሽ የመታውን ግን እጁን ይዤው እቆያለሁ። ልዩነታቸው ይሄ ነው። የቀረውን ሂርጳ ይንገርህ።»

«በባዶ እጄ ልቀመጥ ወይ?»

ዲቦራ ሞኝ አይደለችም፤ ባሏ አንዴ ያማረጠውን ነገር ሳይገዛ እንደማያድር ታውቃለች። «ካመጣኸው አንድ ነገር ማልልኝ» አለች። «በራችንን ሰብረው ካልገቡ በቀር አይወጣም። ማንም አያየው፤ ማንም አይስማው። የተሰማ ቀን እኛ አለቅን።»

«ማርያምን!» አለ ምትኩ። መሐላው ከልቡ ነበር።

አምቦ ተመልሶ ታጣፊውን ክላሽ ገዝቶ አመጣው። የሰደፉ ብረት ትከሻ ይቆረቁራል ብሎ ከወፍጮው አሮጌ የጎማ ቀበቶ ቆርጦ ጠመጠመበት፤ ለወፍጮ እጀታ እንደሚያደርገው አጥብቆ በሽቦ አሰረው። ከዚያ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ከተጣለው አሮጌ ወፍጮ ሆድ ውስጥ ደበቀው። ሸነን ውስጥ ያወቁት ዲቦራና ሂርጳ ብቻ ናቸው። ሂርጳ ሚሊሻው በሚለማመድበት ቀን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሎ ይዞት ሄደና አንድ ጄሪካን ላይ ሞከረው። ሲመለስ እየሳቀ ነበር።

«ዕቃህ ጉድለት አለበት፣ ኦቦ ምትኩ። ወደ ግራ ይስባል። ጄሪካኑን አነጣጥሬ ከጎኑ ያለውን ቁጥቋጦ ነው የመታሁት። ትንሽ ወደ ቀኝ ካልያዙለት በቀር ሁልጊዜ ይስታል።»

«አታለለኝ በለኛ አዱኛ!»

«ራኮ ሂንቀቡ፤ ችግር የለውም። ቢሰርቁህም በሱ አይገድሉንም» አለ ሂርጳ፤ ሁለቱም ሳቁ።

አቶ ማዕረግ ሰኔ ሲገባ ሞቱ። አሟሟታቸው ያማረ ነበር፤ ቆርበው፣ ዘመድ ከእንጭኒም ከአዲስ ዓለምም ደርሶላቸው። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። መሣሪያ ይዞ ያረጀ ሰው ሲቀበር ይተኮስለታል፤ አገሩ የሚያውቀው ወግ ይሄ ነው። በዚያን ጊዜ ግን የቀብር ተኩስ ተከልክሏል፤ ከልካይ ባይኖርም የሚተኩስ አልነበረም። ጠመንጃ ያለው ሁሉ የለኝም ብሎ የማለበት ዘመን ነው። ሬሳው ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እስኪደርስ የተሰማው ለቅሶና የእግር ኮቴ ብቻ ነበር።

እማማ ባየሽ የአገሩ አልቃሽ ናቸው። ምላሳቸውን የማይፈራ የለም፤ ሟች እንኳ ሳይፈራቸው አይቀርም። አስከሬኑ ለፍትሐት ሲያርፍ መሃል ገቡና ደረታቸውን እየመቱ አወረዱት፦

«ምንሽርህ ተወስዶ ቤትህ ባዶ ቀርቶ፣
ጋሼ ማዕረግ ሄደ እንደ ሴት ተሸኝቶ።»

ሕዝቡ ተንሰቀሰቀ። ምትኩ አንገቱን ደፋ። ዲቦራ ከሴቶቹ መካከል ሆና ዓይኑን ፈለገችው፤ ተው ልትለው ነበር። እማማ ባየሽ ግን ገና አልጨረሱም፦

«ወንድ ወልጃለሁ ሲል ሲመካ የኖረ፣
አንድ የሚተኩስ አጥቶ እንዲሁ ተቀበረ።»

እዚህ ላይ ምትኩን መፍረድ ቀላል ነው። ግን አባቱ ሳጥን ውስጥ ተኝተው፣ አገር ቆሞ እያየ፣ እንዲህ ሲባል ችሎ የሚቆም ሰው ካለ እሱ ይፍረድበት። ወፍጮ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ነው። ሄዶ ሲመለስ ፍትሐቱ እንኳ አላለቀም። ፊቱ በእንባ ታጥቦ፣ ያን የተደበቀ ብረት ወደ ላይ አንስቶ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ሰማይ ግራና ቀኝ የለውም፤ ማነጣጠር አላስፈለገውም። ለቅሶው ገነፈለ። ሽማግሌዎች «ወንድ ወልዷል!» አሉ። ምትኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደረቱ ሞላ፤ ያን ያህል አባቱን እንደሚወድ ራሱም አያውቅም ነበር።

ዲቦራ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየው ነበር።

መጀመሪያ የደረሰው ሂርጳ ነው። ክላሹን ከእጁ ነጥቆ ትከሻው ላይ አነገተውና ወደ አለቆቹ ሄደ። የተኮስኩት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌው ባለውለታዬ ናቸው፤ ጥፋቴን አምናለሁ አለ። ተቆጡት፣ ትንሽ አሰሩት፣ ለቀቁት። ለቀስተኛው ሁሉ ያየውን አላየሁም አለ። ሂርጳ ከታሰረበት እንደወጣ ክላሹን ለምትኩ መለሰለትና «ሁለተኛ እንዳላየው» አለው። ስለ ውለታው አንድ ቃል አላነሳም።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። የለቅሶ ድንኳን በር የለውም፤ ማንም ይገባል፣ ከየት መጣህ ተብሎ የሚጠየቅ ለቀስተኛም የለም። ሰልስቱ ዕለት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ ያጣፉ ሁለት ሰዎች ገብተው «እግዜር ያጽናችሁ» አሉና ተቀመጡ። ንፍሮ ቀረበላቸው፤ ቆነጣጥረው በሉ። ከዚያ በዕድሜ የሚበልጠው ተነስቶ ምትኩ አጠገብ መጥቶ ቁጭ አለና በለሆሳስ አናገረው።

«አባትህን ደህና አድርገህ ሸኘህ። እኛም ዘንድ ተሰምቷል።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«የጮኸውን ዕቃ ልንወስድ ነው የመጣነው።»

ምትኩ ሰውዬው ጋቢው ሥር ያለውን ነገር እጁ እንዳልለቀቀው አየ። ምኞት ለእንግዶች የእጅ ውሃ እያስታጠበች ወደ እነሱ ስትመጣ ሰውዬው እጁን ዘረጋላት፤ ውሃው እስኪያልቅ ፊቷን ሲያይ ቆየ። «ልጅህ ናት? አድጋለች» አለ። ሌላ ምንም አልተናገረም፤ አላስፈለገውም።

ለቀስተኛ ሲሸኙ እንደሚደረገው ሦስቱም አብረው ወጡ። ወፍጮ ቤት እስኪደርሱ ምትኩ ያን ሁሉ ያማረጠውን አሰበ። ሽጉጥ ቢሆን ኖሮ? ሙሉ ካዝና ጥይት አሮጌው ወፍጮ ሆድ ውስጥ አለ፤ አንስቶ ቢዞርባቸውስ? ከኋላቸው ድንኳኑ አለ፤ ድንኳን ደግሞ የጭቃ ግድግዳን ያህል እንኳ ጥይት አይመልስም፤ ዘመድ ጎረቤቱ በሙሉ እዚያ ተቀምጧል። ለእንዲህ ያለው ቀን የሚሆን መሣሪያ አዱኛ ብርድ ልብስ ላይ አልነበረም። አውጥቶ ሰጣቸው።

ሰውዬው ሰደፉን ዘረጋ፤ በጎማው ጥምጣም ፈገግ አለ። «ዕቃው ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ እንዲያው ለአፉ ያህል።

«ወደ ግራ ይስባል» አለ ምትኩ። «ትንሽ ወደ ቀኝ ያዙለት።»

አላስፈራሩትም፤ አልመቱትም። ድንጋዩ ደንዝዟል፣ ነገ ተመለሺ ማለት የለመደው አፍ ነው የተናገረው። ሰውዬው «ተባረክ» ብሎት ክላሹን ጋቢው ሥር ከቶ ሄደ። ምትኩ ምን እንዳለ የገባው የወፍጮ ቤቱን በር ሲዘጋ ነው። አይ የሰው ነገር! ስንት ዘመን ያስከበረ ጠባይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጉድ ያደርጋል።

ለሂርጳ ብረቱ መወሰዱን ነገረው። ሂርጳ «ልጅቷ ደህና ናት አይደል? በቃ» አለ። ስለ ግራና ስለ ቀኝ የተባለውን ግን ምትኩ አልነገረውም። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ሲል ክረምቱ አለቀ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ሚሊሻዎቹ ተተኮሰባቸው። ሂርጳን በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱት። ዲቦራ ወፍጮ ቤት ሰው ላከች፤ ምትኩ ዱቄት እንደለበሰ ሮጦ ደረሰ። ሂርጳ ዓይኑ ክፍት ነበር።

«ያንተ ነው» አለው በደከመ ድምፅ። «ጎማውን አየሁት፤ የወፍጮውን ጎማ። ቅርብ ነበር።»

«አትናገር፣ ተው ሂርጳ...»

«መሬት ላይ መተኛት ነበረብኝ። ሌሎቹ ተኙ። እኔ ግን ይሄን ብረት አውቀዋለሁ፣ ይስታል፣ ወደ ግራ ይስባል ብዬ ቆሜ አነጣጠርኩ።» ትንፋሹ ተቆራረጠ። «አልሳተኝም እኮ። ማነው የነገራቸው?»

ምትኩ አጎነበሰ። ጆሮው እሳት ሆኖ ቀልቶ ነበር። ቀና ሲል ዲቦራን አየ። መኪና አምጡ፣ ወደ አምቦ ይሂድ አላለችም። የሂርጳን እጅ ይዛ ነበር። የምታየው ግን ሂርጳን አልነበረም፤ የባሏን ጆሮ ነው።

ሂርጳ እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተ። ጴንጤ ስለነበር ሙሾ አልወረደለትም፤ የራሱ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን በኦሮምኛ እየዘመሩ ቀበሩት። ጓዶቹ ሊተኩሱለት ጠመንጃቸውን ሲያነሱ ሚስቱ ለንሳ እጇን ዘርግታ ከለከለቻቸው። «አትተኩሱ። እኔ ቤት ማንም እንዲመጣ አልፈልግም» አለች።

ምትኩ ድንኳኑ ውስጥ ከጥግ ተቀምጧል፤ ዲቦራ ከጎኑ ናት። ከዚያ ጠዋት ወዲህ አልጠየቀችውም፤ ባትጠይቀውም ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ለንሳ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ መጥታ ፊቱ ተንበረከከች። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ቀጥ ያለ ነው።

«ኦቦ ምትኩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሂርጳ ሁልጊዜ ያነሳዎት ነበር፤ ምትኩ የማያውቀው መሣሪያ የለም፣ መርምሮ መርምሮ ነው የሚገዛ ይል ነበር። አሁን እኔ ከልጆቼ ጋር ብቻዬን ነኝ። የሱን ጠመንጃ መንግሥት መልሶ ወሰደው። ለቤት የትኛው ይሻላል? ሽጉጥ ነው ክላሽ?»

ምትኩ ወደ ዲቦራ ዞረ። እንድታድነው ነበር። ዲቦራ አላዳነችውም።

«ንገራት» አለችው።

ነገራት። የጠየቀችውን ግን አልነበረም። የሰልስቱን ቀን፣ የሁለቱን እንግዶች፣ ወፍጮ ቤት በር ላይ ከአፉ የወጣውን ቃል ሁሉ ነገራት። ለንሳ አልጮኸችም፤ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ተነስታ ፊቱ የነበረውን የንፍሮ ሳህን አነሳችና ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።